ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ የገዛው ንጉሥ እኛንም ገዝቶ ነበር?

የደረሰኝ ጥያቄ ይኼ ነው፦ «ሰላም ጋሼ። መጽሐፈ አስቴር ገና ሲጀምር አርጤክስስ ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ በ127 አገሮች ላይ ነገሠ ይላል። ፋርሶች በእርግጥ ኢትዮጵያን ገዝተዋል? ከገዙስ ለምን አልተማርነውም? ደግሞ ስልክ የለ፣ መኪና የለ፣ ያን ሁሉ አገር አንድ ሰው ሱሳ ቁጭ ብሎ እንዴት አድርጎ ነው የገዛው?»

ሰላም ወንድሜ። አንድ ጥያቄ አለኝ ብለህ ሦስት ላክህልኝ። ችግር የለም። ሁለቱን ቶሎ ልጨርስና ሦስተኛው ላይ ተደላድዬ ልቀመጥ፣ እንቅልፍ የሚነሳው እሱ ነው። ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች፣ ካልነገርኩህ በቀር፣ ሁሉም ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጊዜው ወደ እኛ ይቀርባል። ተማሪዎቼ ሁሌ እዚች ጋ ይደናገራሉ።

ወደ ጥያቄህ። አልገዙንም። በዕብራይስጡ መጽሐፍ ላይ የተጻፈው ቃል «ኩሽ» ነው። ኩሽ ደግሞ ከአስዋን ወደ ደቡብ ያለው የአባይ ሸለቆ፣ የዛሬው ሰሜን ሱዳን ነው። መጽሐፉን ወደ ግሪክ የተረጎሙት ሰዎች ኩሽን በራሳቸው ቋንቋ ልማድ «አይቲዮጲያ» አሉት። ግሪኮች ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ በሙሉ በዚህ ስም ነበር የሚጠሩት። የእኛ አባቶች ወደ ግዕዝ ሲመልሱት ከግሪኩ ነበርና ስሙ አብሮ ገባ። ማስረጃ ከፈለግህ ሩቅ አትሂድ። የራሳችን ንጉሥ ኢዛና፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ዓ.ም. ባስቀረጻቸው ድንጋዮች ላይ፣ «ካሱ»ን ከአክሱም ለይቶ ከሚገዛቸው ሕዝቦች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። ካሱ ያ ኩሽ ነው። ለአክሱም ሰው ኩሽ ጎረቤት ነበር፣ አንዳንዴም የሚዘመትበት ጎረቤት።

ንጉሡም ቢሆን ስሙ በትርጉም መንገድ ላይ ተለዋውጧል። ዕብራይስጡ «አሐሽዌሮስ» የሚለው፣ ፋርሶቹ ራሳቸው «ኅሻያርሻ»፣ ግሪኮች «ክሴርክሲስ» የሚሉት ሰው ነው፣ ከ486 እስከ 465 የነገሠው። የግሪኩ ተርጓሚ ግን «አርታክሴርክሲስ» ብሎ ጻፈው። ይኼ የልጁ ስም ነው። የእኛ አርጤክስስ የመጣው ከዚያ ነው። 127 የሚለው ቁጥር ደግሞ ከሌሎቹ መዝገቦች ከአንዳቸውም ጋር አይገጥምም። የክሴርክሲስ አባት ዳርዮስ በቤሂስቱን ገደል ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ 23 አገሮችን ይዘረዝራል፣ የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ደግሞ ግዛቶቹ 20 ናቸው ይላል።

ኩሽስ ተገዝቶ ነበር ወይ ካልከኝ፣ እዚህ ጋ አማርኛችን ከእንግሊዝኛው ይልቅ ይረዳኛል። እኛ ግብር እና እጅ መንሻ የሚባሉ ሁለት ነገሮች አሉን። ኩሽ ያመጣ የነበረው እጅ መንሻ ነው። ሄሮዶቱስ ዝርዝሩን አስቀምጦታል፦ በየሁለት ዓመቱ ሁለት መስፈሪያ ያልተጣራ ወርቅ፣ 200 የዞጲ ግንድ፣ 20 ትላልቅ የዝሆን ጥርስ፣ እና ሲጻፍ ቀላል የሚመስለው ግን የማያልፍልኝ፣ አምስት ወንዶች ልጆች። ይህንን የሚያመጡት በፋርሱ ንጉሥ በካምቢሲስ ጊዜ የተነኩት፣ ከግብፅ ጋር የሚዋሰኑት ናቸው። በፋርስ ነገሥታት ከተማ በፐርሰፖሊስ፣ በቤተ መንግሥቱ ደረጃ ላይ የኩሽ መልእክተኞች የዝሆን ጥርስ ተሸክመው፣ አንድ እንስሳ እየሳቡ ተቀርጸዋል። ቀጭኔ ይሁን ሌላ ነገር ባለሙያዎች ዛሬም ይጨቃጨቃሉ። ዳርዮስም በመናገሻው በሱሳ ያሠራውን ቤተ መንግሥት ሲያወራ የዝሆን ጥርሱ ከመጣባቸው አገሮች አንዱ ኩሽ እንደሆነ ጽፏል። በዚያው ዘመን በእኛ ደጋ የይሓ ሰዎች ትልቁን ቤተ መቅደሳቸውን ሠርተው ይኖሩ ነበር። የፋርስ የአገሮች ዝርዝር ላይ አልገቡም። ለምን አልተማርነውም ላልከው እንግዲህ፣ ስላልሆነ ነው።

ካምቢሲስ ግን ወደ ደቡብ ለመግፋት ሞክሯል ይባላል። 525 ላይ ግብፅን ከያዘ በኋላ ጦሩን አስከትሎ ወደ ኩሽ ወረደ። ሄሮዶቱስ እንደሚለው ስንቅ ሳያዘጋጅ በንዴት ነው የተነሳው። የመንገዱን አንድ አምስተኛ ሳይሄዱ ምግቡ አለቀ። የጭነት ከብቶቹን በሉ። ቀጥሎ ሣር በሉ። አሸዋው ላይ ሲደርሱ ከአሥር ሰው አንዱን በዕጣ እያወጡ መብላት ጀመሩ፣ ይኼኔ ካምቢሲስ ደንግጦ ተመለሰ። ሄሮዶቱስ ጨዋታ አዋቂ ነው፣ ግማሹን ቀንስለት። ግን «ስንቅ ሳያዘጋጅ» የምትለዋን ያዝልኝ። ለሦስተኛው ጥያቄህ የምሰጥህ መልስ በሙሉ ከዚያች ቃል ጋር የታሰረ ነው።

እሺ፣ እንዴት ገዙት?

መጀመሪያ አገሩ የተሰበሰበበትን ፍጥነት እይ። ቂሮስ ወደ 559 አካባቢ ሲነግሥ አንሻን የምትባል፣ በዛሬዋ ደቡብ ምዕራብ ኢራን ያለች አነስተኛ ግዛት ጌታ ነበር። በ550 ሜዶንን ያዘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዛሬዋ ቱርክ ያለችውን፣ በወርቅ የታወቀችውን ሊድያን ያዘ። በ539 ባቢሎን ገባ። ሃያ ዓመት ነው ይኼ ሁሉ። ሲሞት፣ በ530፣ ከኤጅያን ባሕር ዳርቻ እስከ መካከለኛው እስያ የተዘረጋ አገር ትቶ ነው የሞተው። ልጁ ካምቢሲስ ግብፅን ጨመረ።

በአንድ ትውልድ የተሰበሰበ አገር በአንድ ትውልድ ቢበተን አይገርምም ነበር። ቂሮስ ግን ስትገባ የነበረውን አታፍርስ የምትል ብልሃት ነበረችው። ባቢሎን ላይ የባቢሎንን ካህናት፣ የባቢሎንን ጸሐፊዎች፣ የባቢሎንን ሕግ እንዳለ ተወው። በስሙ በተጻፈው የሸክላ ጥቅል ላይ «ማርዱክ መረጠኝ» ይላል። ማርዱክ የባቢሎን ዋና አምላክ ነው። መጽሐፈ ዕዝራ ላይ ደግሞ ያው ቂሮስ «የሰማይ አምላክ እግዚአብሔር» ብሎ ይናገራል። ግብፅ ላይ ካምቢሲስ ኡጃሆርረስኔት የሚባል የአገሬውን ባለሥልጣን አስጠግቶ፣ እንደ ፈርዖኖቹ የግብፅ የንግሥና ስም አስወጣ። ኡጃሆርረስኔት ይህንን ሁሉ በራሱ ሐውልት ላይ አስጽፎታል፣ ሐውልቱ ዛሬ ቫቲካን ነው ያለው። በየደረሱበት የአገሬውን ሸማ ለብሰው ነው የገቡት ማለት ትችላለህ።

እዚህ ጋ ትንሽ ልናደድ ፍቀድልኝ። ያ የቂሮስ ሸክላ «የዓለም የመጀመሪያው የሰብአዊ መብት ሰነድ» ነው እየተባለ በየማኅበራዊ ሚዲያው ይዞራል። ባርነትን ከለከለ፣ የሃይማኖት ነፃነት አወጀ የሚል ጥቅስም ተለጥፎበት። ሸክላው እንዲህ አይልም። በ1971 እ.ኤ.አ. የኢራን ሻህ መንግሥት ቅጂውን ለተባበሩት መንግሥታት ካበረከተ ወዲህ ነው ነገሩ የገነነው፣ የሐሰት ትርጉሞቹም ከዚያ በኋላ እንደ አሸን ፈሉ። ጽሑፉ የሚለው የባቢሎንን አማልክት ወደየቤታቸው መለስኩ፣ ከተማዋን በሰላም ያዝኩ፣ ግንቧን ጠገንኩ ነው። ድል ያደረገ ንጉሥ በዚያ አገር ወግ የሚያስጽፈው ነገር ነው። «የዓለም ሕዝብ 44 በመቶ የፋርስ ዜጋ ነበር» የሚለውም እንደዚያው። በዚያ ዘመን ዓለምን ማን ቆጥሮ?

ደግ ነበሩ ብለህ እንዳትደመድም ደግሞ ዳርዮስን ላስተዋውቅህ። ካምቢሲስ በ522 ሲሞት አገሩ ተናጠ። ዳርዮስ እንደሚተርክልን የካምቢሲስ ወንድም ባርድያ በድብቅ ተገድሎ ነበር፣ አንድ ጋውማታ የሚባል ካህን ባርድያ ነኝ ብሎ ዙፋኑን ያዘ፣ እኔ ደግሞ አስመሳዩን ገድዬ ነገሥኩ ይላል። እኔ በግሌ አላምነውም። እውነተኛውን ባርድያን ራሱ ገድሎ ታሪኩን ያቀናበረ ይመስለኛል፣ ብዙ የሙያ ባልደረቦቼም እንደኔ ይጠረጥራሉ። የሆነው ሆኖ አገሩ አላመነውም ነበር። ፋርስ፣ ሜዶን፣ ባቢሎን፣ ኤላም ሁሉ ተነሡ። በአንድ ዓመት 19 ጦርነት ገጥሜ 9 ነገሥታት ያዝኩ ይላል። ሜዶን ላይ የተነሣበትን ፍራዎርቲሽን አፍንጫውን፣ ጆሮውንና ምላሱን ቆርጦ፣ አንድ ዓይኑን አውጥቶ፣ ሕዝቡ እንዲያየው በር ላይ አሰረው፣ ከዚያም በሜዶን ዋና ከተማ በኤክባታና በእንጨት ሰካው። ይህንን ጠላቶቹ አልጻፉበትም። ራሱ ነው በኩራት ገደል ላይ ያስቀረጸው።

ያ ጽሑፍ ቤሂስቱን የሚባል፣ በዋናው የመንገደኛ መተላለፊያ ላይ ያለ ገደል ላይ ነው። በሦስት ቋንቋ። ከታች ቆሞ ማንም ሊያነበው አይችልም፣ በጣም ከፍ ያለ ነው። ታዲያ ለማን ተጻፈ? ጽሑፉን ገልብጬ ወደየአገሩ ላክሁ ይላል ራሱ። እውነትም በአስዋን በኩል፣ በአባይ መካከል ባለችው ኤለፋንታይን ደሴት ላይ፣ በአራማይክ የተጻፈ የፓፒረስ ግልባጭ ተገኝቷል፣ ከእርሱ ዘመን መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ የተገለበጠ። ኩሽ ድንበር ላይ የተቀመጠ ወታደር የንጉሡን ገድል ያነብ ነበር ማለት ነው።

ዳርዮስ ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው አገሩን ሁለት መቶ ዓመት ያቆመው። ፋርሶች ራሳቸው «ቂሮስ አባት፣ ካምቢሲስ ጌታ፣ ዳርዮስ ነጋዴ» ይሉ ነበር ይላል ሄሮዶቱስ። ነጋዴ ያሉት ሁሉን በዋጋ ስለተመነ ነው። አገሩን በግዛት ከፋፍሎ በየግዛቱ ግብር ቆረጠ። ባቢሎን 1,000 መክሊት ብር። ግብፅ 700። ህንድ 360 መክሊት የወርቅ ብናኝ። ኪልቅያ ከ500 መክሊት ሌላ 360 ነጫጭ ፈረሶች፣ በቀን አንድ ፈረስ። ፋርስ ራሷ ምንም አትከፍልም፣ የጌታ አገር ናታ። ሁሉ ወደ ብር ሲመነዘር ሄሮዶቱስ 14,560 መክሊት ያደርሰዋል። መክሊቱን በ26 ኪሎ ግራም ብታሰላው ወደ 380 ቶን ብር በዓመት። ብሩን አቅልጠው እንስራ ውስጥ ያፈሱታል፣ ሲረጋ እንስራውን ይሰብሩታል፣ ገንዘብ ሲያስፈልግ ከዚያ ላይ እየቆረጡ ይወስዳሉ። ይህቺን ምስል ሁሌ እወዳታለሁ። የመንግሥት ግምጃ ቤት ማለት የብር እንስራ መደርደሪያ።

ግብሩን የሚሰበስበው አገረ ገዥ «ሳትራፕ» ይባላል፣ በፋርስኛው የመንግሥት ጠባቂ እንደማለት። ብዙውን ጊዜ የንጉሡ ዘመድ ወይም የትልቅ ፋርሳዊ ቤት ልጅ ነው። ጦር አለው፣ ገንዘብ አለው፣ ሱሳ ደግሞ በእግር ሦስት ወር ይርቃል። ለምን ራሱን አያነግሥም? እውነተኛው ጥያቄ ይኼ ነው፣ የአንተም ጥያቄ ሲፈታ እዚህ ላይ ነው የሚያርፈው። የኦሮይቴስን ታሪክ ልንገርህና ከዚያ እንቀጥል።

ኦሮይቴስ ሰርዴስ ላይ የተቀመጠ የሊድያ አገረ ገዥ ነበር። ዳርዮስ በዓመፅ ተጠምዶ ሳለ ይኼ ሰውዬ ዝም ብሎ የራሱን ሥራ ይሠራ ነበር፦ ጎረቤቱን አገረ ገዥ ከነልጁ ገደለ፣ የማይጥመው መልእክት ይዞ የመጣን የንጉሥ መልእክተኛም ሲመለስ መንገድ ላይ አስጠብቆ አስገደለ። አንድ ሺህ ፋርሳዊ ጦረኛ ይጠብቀዋል። ዳርዮስ ጦር ቢልክበት አዲስ ጦርነት ነው። ስለዚህ ባላባቶቹን ሰብስቦ በጉልበት ሳይሆን በብልሃት የሚጨርስልኝ ማነው አለ። ሠላሳ ሰዎች እኔ እኔ አሉ፣ ዕጣ ተጣለ፣ ለባጋዮስ ወጣ። ባጋዮስ ምን አደረገ? ብዙ ደብዳቤ አስጻፈ። ስለዚህም ስለዚያም ጉዳይ፣ ተራ ተራ ደብዳቤ። ሁሉንም በዳርዮስ ማኅተም አተመና ሰርዴስ ሄደ።

ሰርዴስ ደርሶ ኦሮይቴስ ፊት ቆመ። ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ እየከፈተ ለጸሐፌ ትእዛዙ ይሰጠዋል፣ እሱም ያነባል። ልብ በል፣ በእያንዳንዱ አገረ ገዥ ዘንድ ከንጉሡ የተመደበ ጸሐፊ አለ፣ የአገረ ገዥው ሰው አይደለም። ባጋዮስ የሚያየው ደብዳቤውን አይደለም፣ የዘበኞቹን ፊት ነው። ማኅተሙ ሲወጣ ጎንበስ ይላሉ። ቃሉ ሲነበብ ይበልጥ። ይኼኔ አንዷን አወጣ፦ «ፋርሶች ሆይ፣ ንጉሡ ዳርዮስ ኦሮይቴስን እንዳትጠብቁ ይላችኋል።» ጦራቸውን መሬት ላይ ጣሉት። ባጋዮስ ያን ሲያይ ልብ አገኘና የመጨረሻዋን ሰጠ፦ «ንጉሡ ዳርዮስ ሰርዴስ ላሉት ፋርሶች ኦሮይቴስን ግደሉ ይላል።» ሰይፋቸውን መዝዘው እዚያው ጨረሱት።

ታሪኩ በዝርዝሩ ተሞልቶ ይሆናል። አሠራሩ ግን እውነት ነው። አገረ ገዥው ኃይለኛ ነው፣ ግን ጸሐፊው የእሱ አይደለም፣ የምሽጉ አዛዥ ብዙ ጊዜ የእሱ አይደለም። ግሪኮች «የንጉሡ ዓይን» የሚሉት መርማሪም ድንገት ይመጣበታል፣ እኛ ጆሮ ጠቢ እንደምንለው ነው፣ ግን በማዕረግ። የሚታዘዘው ሰው ከማን እንደሚበላ ያውቃል። እና እንግዲህ ወደ ስንቁ መጣን።

እስከ 1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ስለ ፋርስ አስተዳደር የምናውቀው በአብዛኛው ከግሪኮች ነበር፣ ማለትም ከጠላት አፍ። በ1933 እ.ኤ.አ. ፐርሰፖሊስ ላይ የሚቆፍሩ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በምሽጉ ግድግዳ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ የሸክላ ሰሌዳዎች አገኙ፣ አብዛኞቹ እንደ መዳፍ የሚያህሉ። ዘመናቸው ከ509 እስከ 493፣ የዳርዮስ ጊዜ። አንድም የጀግንነት ታሪክ የለበትም። ዱቄት ነው። ገብስ፣ ወይን፣ ጠላ መሰል መጠጥ፣ በግ። ለማን ተሰጠ፣ ስንት ተሰጠ፣ በማን ማኅተም። ሳነባቸው ይሰለቸኛል፣ ደግሞም አልተዋቸውም።

በዚህ መዝገብ ውስጥ ፓርናካ የሚባል የአካባቢው የበላይ አስተዳዳሪ አለ። የቀን ድርጎው 2 በግ፣ ወደ 90 ሊትር ወይን እና ወደ 180 ሊትር ዱቄት ነበር። ሰውዬው አልበላውም፣ ተከታዮቹን የሚያበላበት ነው። የንጉሡ ሚስት ኢርታሽዱና 100 በግ እንዲሰጣት ንጉሡ አዘዘ የሚል ሰሌዳም አለ፣ ድግስ ሳይኖራት አይቀርም። እኛ «ግብር» የምንለው ቃል ገበሬው የሚያገባውንም ንጉሡ የሚያበላውንም የሚይዝ አይደል? ፋርሶቹ ይህን ቃል ቢያውቁት ይስማማቸው ነበር። ያገባኸው በግ ተመልሶ የሌላውን ሰው ታማኝነት ይገዛል። ሠራተኛ ሴቶችም አሉ፣ ከወንድ በላይ ድርጎ የሚያገኙ የሴት አለቆችም አሉ። ወንድ ልጅ የወለደች ሴት ግን ሴት ከወለደችው እጥፍ ይሰጣታል። በዚህስ አንደነቅም።

ከሁሉ የሚያስደስቱኝ የመንገደኞቹ ሰሌዳዎች ናቸው። ከህንድ ወደ ሱሳ የሚሄዱ፣ ከሰርዴስ የሚመጡ፣ አንዳንዴ በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው። መሪያቸው የታተመ ደብዳቤ ይይዛል፣ ከንጉሡ ወይም ከአንድ አገረ ገዥ። በየማደሪያው ጎተራ አለ። ደብዳቤውን ያሳያል፣ ጎተራ ጠባቂው ሰው ቆጥሮ ይሰጣል፣ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ሁለቱም ያትማሉ፣ ሰሌዳው ለሒሳብ ወደ ማዕከል ይላካል። አያቶቻችን ይህንን ቢያዩ ምንም አዲስ ነገር የለውም ይሉ ነበር። የንጉሥ እንግዳ ትእዛዝ ይዞ በየመንደሩ ሲያልፍ ባላገሩ እንጀራውን፣ ጠጁን፣ በጉን የሚያቀርብበት ያ የእኛ ድርጎ ነው። ልዩነቱ እነሱ ጋ ደረሰኝ አለ።

የዚህ ደብዳቤ አንድ ናሙና ከግብፅ በኩል ደርሶናል፣ በአራማይክ፣ በቆዳ ላይ የተጻፈ፣ ዛሬ ኦክስፎርድ ይገኛል። አርሻማ የሚባል የግብፅ አገረ ገዥ ኔኽቲሆር የሚባል የርስቱን አስተዳዳሪ ወደ ግብፅ ይልከዋል። ደብዳቤው በመንገዱ ላይ ለሚገኙ የርስት ሹሞች ነው የተጻፈው፣ በአርቤላ፣ በደማስቆ፣ በሌሎችም። በቀን ይህን ያህል ነጭ ዱቄት፣ ይህን ያህል ወይን ወይም ጠላ፣ አንድ በግ ስጡት፣ ለአገልጋዮቹ ይህን ያህል፣ ለፈረሶቹ ገፈራ ይላል። ከዚያ መጨረሻው ላይ ያቺ ዓረፍተ ነገር ትመጣለች፦ አንድ ቦታ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ለትርፉ ቀን አትስጡት። አየህ? ሰውዬው ዘመድ ቤት እየሰነበተ በመንግሥት ሒሳብ በግ እንዳያርድ። የውሎ አበል ጨዋታ የትናንት እንዳይመስልህ።

ጎተራው የት ነው የተደረደረው ካልክ፣ መንገዱ ላይ። ከሰርዴስ እስከ ሱሳ፣ ወደ 2,500 ኪሎ ሜትር፣ ሄሮዶቱስ 111 ማደሪያ ቆጥሮበታል፣ በእግረኛ 90 ቀን። ለንጉሡ መልእክት ግን እግረኛ አይላክም። በየማደሪያው ትኩስ ፈረስና ትኩስ ፈረሰኛ ይጠብቃል፣ አንዱ ለሌላው እያቀበለ፣ በረዶም ዝናብም ሐሩርም ጨለማም ሳይል። ደብዳቤው የሚጻፈው በአብዛኛው በአራማይክ ነው። ይህ የፋርሶች የአፍ መፍቻ እንዳይመስልህ፣ የሶርያና የመስጴጦምያ ሰዎች ቋንቋ ነው፣ ከግዕዝ ጋር የሩቅ ዘመድ። ገዥው ሕዝብ የራሱን ቋንቋ በቢሮው ላይ አልጫነም። ቀድሞ የሚሠራ ጸሐፊ ስላገኘ እሱን ቀጠረ። ከዛሬው የእኛ የቋንቋ ጭቅጭቅ ጋር አታያይዝብኝ፣ አመልህን አውቃለሁ።

እንግዲህ ገመዱን ስትሰበስበው፣ ሱሳ የተቀመጠው ሰው ግብፅን ወይም ባቢሎንን በየቀኑ አይገዛም። ግብፅን የሚገዛት የግብፅ ጸሐፊ ነው፣ በግብፅ ሕግ። ንጉሡ የያዘው መጋጠሚያዎቹን ነው፦ ማኅተሙን፣ መንገዱን፣ ጎተራውን፣ ብሩን። እነዚህን ከያዝክ ጦርህ ስንቅ አያጣም፣ አገረ ገዥህ ብቻውን አይቆምም። ካምቢሲስ አሸዋው ላይ የወደቀው ጎተራ በሌለበት ስለሄደ ነው፣ የኩሽ እጅ መንሻም ግብር ያልሆነው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። መጋጠሚያው አስዋን ላይ ያልቃል።

ድካሙም ከዚሁ ነው የመጣው። ማኅተሙ የአንድ ሰው ነው፣ ያ ሰው ሲሞት ቀጥሎ ማን እንደሚይዘው የሚወስን ሕግ የለም። ክሴርክሲስ በ465 በገዛ ቤተ መንግሥቱ ተገደለ። በ401 ታናሹ ቂሮስ የሚባለው ከወንድሙ ዙፋኑን ሊነጥቅ የግሪክ ቅጥረኛ ጦር ይዞ እስከ ባቢሎን አቅራቢያ ገሠገሠ፣ እዚያም ሞተ። ግብፅ ከ404 ገደማ ጀምሮ ለ60 ዓመት ያህል ወጥታ ነበር፣ በ343 ነው እንደገና የተያዘችው። በ360ዎቹ ደግሞ በምዕራብ በኩል ያሉት ሳትራፖች አንዱ ከሌላው እየተጠቃቀሱ ሸፈቱ። አገሩ ግን አልተበተነም፣ ምክንያቱም የሸፈተው ሁሉ መሣሪያውን ለራሱ ነው የሚፈልገው።

እስክንድርም እንደዚያው። በ334 ወደ እስያ ተሻገረ፣ በ331 ጋውጋሜላ ላይ ሦስተኛውን ዳርዮስን ሰበረ፣ በ330 ፐርሰፖሊስን አቃጠለ። ግን በጋውጋሜላ የወጋውን ማዛዮስን፣ የዳርዮስን ጄኔራል፣ ባቢሎን ላይ አገረ ገዥ አድርጎ ሾመው። ባቢሎን እጁን በሰላም ሰጠችው፣ እሱም ለማርዱክ ሠዋ። ቂሮስ በ539 ያደረገውን ማለት ነው፣ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ። መንገዱ ነበረ፣ ጎተራው ነበረ፣ ጸሐፊው ቁጭ ብሎ ይጠብቀው ነበር። ማኅተሙ ብቻ ነው የተቀየረው።

በነገራችን ላይ ከፋርስ ጋር በእርግጥ የተያያዝንበት ጊዜ አለ፣ ግን ያኔ ፋርስ ሌላ ፋርስ ነው፣ ሳሳኒዶች። በ570ዎቹ ዓ.ም. የመንን ይገዙ የነበሩትን፣ ከአክሱም የመጣው የአብርሃ ልጆችን፣ በባሕር መጥተው አስወጡ። ስለዚያ ሌላ ቀን ብትጠይቀኝ ደስ ይለኛል።

አሁን ግን መጽሐፈ አስቴርን መልሰህ ክፈት። ምዕራፍ 1ን እለፍ፣ ምዕራፍ 8 ቁጥር 9 ላይ ቁም። ያው ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ የሚለው አባባል እዚያም አለ፣ 127ቱም አሉ፣ ግን በዙሪያው ያለውን አስተውል፦ የንጉሡ ጸሐፊዎች ተጠሩ፣ ለየአገሩ እንደየጽሕፈቱ ለየሕዝቡም እንደየቋንቋው ተጻፈ፣ በንጉሡ ቀለበት ታተመ፣ በፈጣን ፈረስ ተላከ። ቁጥር 8 ላይ ደግሞ በንጉሡ ቀለበት የታተመ ጽሕፈት አይሻርም ይላል። ለዚህ ነው ሐማ አይሁድ እንዲጠፉ ያስጻፈውን የመጀመሪያውን ደብዳቤ ንጉሡ ራሱ እንኳ መሰረዝ ያልቻለው። ሌላ ደብዳቤ ጽፎ፣ ሌላ ፈረስ ጭኖ፣ ቀድሞ እንዲደርስ መጸለይ ነበረበት።